የሐጂ እድሪስ ገንዳና የመስኖው ሞተር

ባለፈው ሐሙስ ልጄ በረከት አንድ ካርቶን ተሸክሞ ደባርቅ ወዳለችው ሱቃችን ገባና የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። የውሃ ፓምፕ ነው። አንድ የዳባት ነጋዴ ቆላ ባለው ቤታቸው ግቢ ትንሽ መዋኛ ገንዳ አሠርተው፣ ፓምፑንና ማጣሪያውን እንድንገጥምላቸው አዘውናል። ማጣሪያው ቀድሞ ደርሶ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ አጭር፣ ጋን የሚመስል፣ ውስጡ ውሃ የሚያጠራ አሸዋ የሚሞላበት ነገር ነው።

«ስንት ፈረስ ጉልበት ነው?» አልኩት።

«ሦስት። ያዘዝከኝ አንዱን ነበር፤ አልቋል ሲሉኝ ሦስቱን አመጣሁ። ይብለጥ እንጅ አይነስ ብዬ ነው አባባ።»

«ማጣሪያው ምን ያህል እንደሚችል አይተሃል?»

«ማጣሪያ አይደል እንዴ፤ የሰጡትን ያጣራል» አለና ሳቅ አለ።

ውጭ የጥቅምት ፀሐይ ነበረች፤ ገብስ የጫኑ አህዮች በሱቁ ፊት ያልፉ ነበር፤ ሰው ሁሉ ጋቢውን ከትከሻው አውርዷል። እኔን ግን በረደኝ። ያንን አነጋገር አውቀዋለሁ። በሃያ ሦስት ዓመቴ ከራሴ አፍ ወጥቷል።

ልጆቼ ቁጡ ነው ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ያን ቀን ግን አልተቆጣሁም። «ተቀመጥ» አልኩት። የሐጂ እድሪስን ገንዳ ታሪክ ከዚህ በፊት ነግሬዋለሁ፤ የነገርኩት ግን ግማሹን ነው። በዚያ ግማሽ ውስጥ ሞተሩን ሮጬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሐሰት ያልሆነውን ግማሽ ብቻ እየተናገርኩ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ከውሸታም የምለየው በጥቂቱ ነው።

እኔ ሞተር የተማርኩት ከማንም አይደለም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ የተበላሸ ሞተር ነው፤ እየፈታሁ፣ እየገጠምኩ፣ የተረፈኝን ብሎን እያየሁ ሌሊቱን ሙሉ እያሰብኩ። የእንግሊዝኛ ፊደል የለየሁት ከመለዋወጫ ካርቶን ላይ ነው። በሃያ ሦስት ዓመቴ ከዳባት እስከ ዛሪማ ወንዝ ድረስ የመስኖ ሞተር ሲበላሽ የሚጠራው እኔ ነበርኩ። ይህም አበላሸኝ። በራሱ የተማረ ሰው ትልቁ በሽታ የማያውቀውን «አላውቅም» ለማለት ማፈሩ ነው። የተማረ ሰው አላውቅም ቢል ትምህርቱ ይቀርለታል፤ እኔ አላውቅም ብል ምን ይቀረኝ ነበር? እንዲያ ነበር የማስበው።

በኛ አገር ደግሞ ውሃው ከታች፣ ማሳው ከላይ ነው። ወንዙ በገደል ውስጥ ይሄዳል፤ ሽንኩርቱ ከአፋፉ ላይ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሞተር የሚገዛ ገበሬ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ስንት ሜትር ይወጣል?» ሠላሳ ሜትር የሚያወጣ ከሆነ ደህና ነው፤ ስልሳ ሜትር የሚያወጣ ከሆነ ባለቤቱ በገበያ ሲያልፍ ሰው ይነሣለታል። ውሃው ሲደርስ የሚቀበለው መሬት ነው፤ መሬት ደግሞ በዛብኝ ብሎ አያውቅም። ከሞተሩ ማዶ ያለው ነገር ምን ያህል ይችላል ብሎ የጠየቀ ሰው እኔ አላጋጠመኝም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ሐጂ እድሪስ የደባርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ሰሊጥና ጨርቃ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ትንሿ ልጃቸው ራሕማ በሕፃንነቷ ታማ አንድ እግሯ ሰልሎ ቀርቷል። ጎንደር ያያት ሐኪም ውሃ ውስጥ እየተንቀሳቀሰች ብታድግ እግሯ ይጠነክራል አላቸው። የደባርቅ ውሃ አጥንት የሚሰብር ብርድ ስለሆነ፣ ሐጂ ዛሪማ ባለው ቤታቸው ግቢ ገንዳ አሠሩ። ሰው ሁሉ ቅብጠት ነው ብሎ አማቸው። እኔም አብሬ አምቻለሁ፤ የልጅቷን ነገር ያወቅኩት በኋላ ነው።

አረፋ ሊገባ ስድስት ቀን ሲቀረው አስጠሩኝ። ዕቃው ከአዲስ አበባ ተጭኖ ደርሶ ነበርና እኔ ከላዩ ላይ ተቀምጬ በጭነት መኪና ሊማሊሞን ወረድኩ። ያን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። መኪናው በእያንዳንዱ ጥምዝ ላይ አፍንጫውን ወደ ባዶው አውጥቶ ይቆምና እየተንቋቋ ይመለሳል። ከታች የሚታየው የዛፍ ጫፍ ነው፤ ከዛፉ በታች የሚታይ ነገር የለም። ማጣሪያውን እንደ ሕፃን አቅፌ፣ ኪሴ ውስጥ ያለውን ቆሎ ሳልነካ ወረድኩ። ስንነሣ ጋቢ ደርቤ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ጋቢውን፣ ከዚያ ሹራቡን አወለቅኩ፤ ዛሪማ ስንደርስ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቆ ነበር።

ከማጣሪያው ጋር አብሮ የመጣው ፓምፕ ትንሽ ነበር። በአንድ እጄ አነሣሁት። የግቢው ሠራተኞች ተሰብስበው አዩትና ሳቁ።

«ይኸ ነው ያን ሁሉ ውሃ የሚያንቀሳቅሰው?» አለች ወጥ ቤቷ። «እኔ በጣሳ ብቀዳው እቀድመዋለሁ።»

ገንዳውን በወንዝ ውሃ ሞልተን፣ ትንሹን ፓምፕ በሐጂ ጄኔሬተር አስነሣነው። ግማሽ ቀን ሠራ። ውሃው ግን ደፍርሶ የጭቃ መልክ እንደያዘ ነው። ሐጂ መጥተው ከገንዳው አፋፍ ቆሙ።

«በአረፋ ዕለት ልጄ ትገባበታለች ወይስ አትገባም?» አሉ።

እውነተኛው መልስ «አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሜ አላውቅም» የሚል ነበር። ሠራተኞቹ ያዩኛል። «ሐጂ፣ ይኸ ፓምፕ የአሻንጉሊት ነው» አልኩ። «ስልሳ ሜትር የሚያወጣ የመስኖ ሞተር እተክልልዎታለሁ። በአንድ ቀን ጥርት ይላል።»

«ማጣሪያው ይችለዋል?»

«ማጣሪያ አይደል እንዴ ሐጂ፤ የሰጡትን ያጣራል።»

በማጣሪያው ሆድ ላይ የተለጠፈች ወረቀት ነበረች። በሰዓት ስድስት ሜትር ኩብ ትላለች፤ ከሥሯ ማጣሪያው የሚችለው የግፊት ጣሪያ በቀይ ተጽፏል። በሞተሩ ላይ ደግሞ በደቂቃ አራት መቶ ሊትር ይላል። አንዱ በሰዓት፣ አንዱ በደቂቃ፤ አንዱ በሜትር ኩብ፣ አንዱ በሊትር። ቁጭ ብዬ ባሰላው ሞተሩ ማጣሪያው ከሚችለው አራት እጥፍ እንደሚገፋ አገኘው ነበር። ወረቀቷን አይቻታለሁ። አላየኋትም ብል እዋሻለሁ። ቁጥሯ ስላልገባኝ ፊቴን አዞርኩ።

የግቢው ጠባቂ አያ ደሴ ይባሉ ነበር። ከመካነ ብርሃን የወረዱ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጆሯቸው ትንሽ የሚከብድ ደገኛ ናቸው። ቆላውን ጨርሶ አልወደዱትም፤ በዚያ ሙቀት ኩታቸውን ከትከሻቸው አያወርዱም። ለኔ ግን ደግ ነበሩ። ምሳ የማሽላ እንጀራ በሽሮ ስንበላ ከራሳቸው በኩል ያለውን ወደኔ ይገፉልኛል፤ ከዚያ ፓፓያ ሰንጥቀው ትልቁን ለኔ ይሰጡኛል። ስሠራ ከጎኔ ተቀምጠው እጄን ያያሉ።

ማጣሪያው ላይ ሰዓት የምታህል የግፊት መለኪያ ጌጅ አለች። አያ ደሴ በጣታቸው እያመለከቱ፣

«ይች መርፌ ወደ ላይ ስትወጣ ምን ማለቷ ነው?» አሉኝ።

«ጉልበት አለ ማለት ነው። ወደ ላይ ስትወጣ ደስ ይበልዎ፤ ስትወርድ ጥሩኝ።»

«እንግዲያ ከዛሬ ጀምሮ የሷ ጠባቂ እኔ ነኝ» ብለው ድንጋይ አምጥተው ከጌጇ ፊት ተቀመጡ።

ከአንድ ደንበኛዬ የተዋስኩትን የመስኖ ሞተር ከገንዳው ወዲህ ማዶ፣ ከኒም ዛፍ ሥር፣ እስከ ደረት የሚደርስ የድንጋይ ካብ አጠገብ ተከልኩት። በሱና በማጣሪያው መካከል አሥራ አምስት እርምጃ ያህል አለ። መጀመሪያ ባስነሣሁት ጊዜ የውሃው ጎማ መሬት ላይ እንደ እባብ ተፈናጠረና ቀጥ ብሎ ደረቀ። ማጣሪያው ውስጥ አንድ ነገር ተንቋቋ። ልቤ አልወደደውም። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ልቤ አልወደደውም፣ እኔም ልቤን ዝም በል አልኩት።

በሁለተኛው ቀን ውሃው አልጠራም። እንዲያውም ገንዳው ወለል ላይ ጥሩ ነጭ አሸዋ ተነጥፎ አገኘሁ። ከማጣሪያው ሆድ የወጣ አሸዋ መሆኑ ገባኝ። ውሃው በአሸዋው ውስጥ ቀስ ብሎ እንደማለፍ ጥሶት እየሄደ፣ ቆሻሻውንም አሸዋውንም ይዞ ይመለስ ነበር። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ያሰብኩት ጉልበት አነሰው ብዬ ነው። የሞተሩን ፍጥነት የሚጨምረውን የጋዝ መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ገፍቼ በሽቦ ጠምጥሜ አሰርኩት። አረፋ ነገ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ገበያው ወጥቼ ቤንዚን ይዤ ተመለስኩ። ከአጥሩ በር ስገባ ድምፁ ተለውጦ ነበር። ሞተር ሲጨነቅ ሰው ነው፤ ያቃስታል። ጎማው እንደ ብረት ጠጥሮ ይንቀጠቀጣል። ለሁለት ቀን ደለልና አረንጓዴ ዝቃጭ ሲገባበት የነበረው አሸዋ ተደፍኖ ውሃውን አላሳልፍ ብሏል፤ ሞተሩ ግን ስልሳ ሜትር ገደል የለመደ ነው፤ አይመለስም። ቀና ስል የጌጇ መርፌ ቀዩን አልፋ መጨረሻው ላይ ተለጥፋለች። ከፊቷ፣ ፊታቸውን ከክዳኑ አንድ ክንድ እንኳ ሳያርቁ፣ አያ ደሴ ተቀምጠዋል። ደስ ብሏቸዋል። ወደ ላይ ስትወጣ ደስ ይበልዎ ብያቸው የለም?

ጮህኩ። የራሴን ድምፅ እኔም አልሰማሁትም፤ ሞተሩ ዋጠው። ሮጬ የቤንዚኑን ቧንቧ ዘጋሁት። የዚያ ሞተር ማጥፊያ ከተበላሸ ቆይቶ ነበርና ሁልጊዜ የማጠፋው እንዲያ ነው። ነገር ግን ቧንቧው ተዘግቶም ካርቡረተሩ ውስጥ የቀረችው ቤንዚን እስክታልቅ ድረስ ሞተሩ አንድ ደቂቃ ያህል ይሠራል፤ ሊጠፋ ሲል ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ ይጮኻል። ሽቦውን ልፈታ ሞከርኩ፤ ጣቶቼ የሌላ ሰው ጣቶች ሆኑ። ለሞተሩ እሳት የምትሰጠውን ሻማ ገመድ ብመነጭቀው በቅጽበት ይጠፋ ነበር። ይህ ትዝ ያለኝ ከቀናት በኋላ ነው። ፍርሃት የሚያውቁትን ነገር ከእጅ ይነጥቃል።

አሥራ አምስት እርምጃ። ሮጬ ኩታቸውን ብጎትት ይበቃ ነበር። ለልጄ ያልነገርኩት ግማሽ ይህ ነው፦ ሁለት እርምጃ ሄድኩና የማጣሪያው ክዳን ጠርዝ ላይ ውሃ እንደ ጭስ ሲተን አየሁ። እግሬ ቆመ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደ። ካቡ ከደረቴ ፊት እስኪሆን ድረስ ወደ ኋላ ሄድኩና ቆምኩ። ሞተሩ ድምፁን ከፍ ማድረግ ጀመረ። በዚያን ጊዜ አያ ደሴ አንገታቸውን መለስ አድርገው አዩኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። እጄን አላነሣሁም። ለምን እንዳላነሣሁ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሁለቱም እጆቼ የካቡን ድንጋይ ይዘው ነበር። እሳቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ፊታቸውን ወደ ጌጇ መለሱ።

ከዚያ ክዳኑ ሄደ። የፍንዳታው ድምፅ ከፍተኛ አልነበረም፤ በእርግጫ የተመታ በር ይመስል ነበር። ውሃና አሸዋ ከኒሙ ዛፍ በላይ ወጥቶ እንደ በረዶ ወረደብን። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ፤ ጸጥ አለ፤ በጸጥታው ውስጥ የሰው ሲቃ ሰማሁ። የክዳኑ ቀለበት የአያ ደሴን ግራ ትከሻ መትቶ ጥሏቸዋል። አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ ቢሆን ኖሮ ራሳቸው ነበር። ራሕማ ያንን ጋን መሳይ ማጣሪያ እጇን ጭና ሲንቀጠቀጥ መዳሰስ ትወድ ነበር፤ ያን ሰዓት እናቷ ጸጉሯን እየሠራችላት ነበርና ቤት ውስጥ ነበረች።

ወጌሻ ተጠርቶ ትከሻቸውን አሰረ። ሐጂ ፊታቸው አመድ መስሎ ቆመው፣ «ምን ተነካ? ማን ነካው?» አሉ።

«ሽማግሌው የማጣሪያውን እጀታ አዙረውት ይሆናል» አልኩ።

አያ ደሴ ይሰሙ ነበር። ዓይናቸው ውስጥ አሸዋ ገብቶ ቀልቷል። ሐጂም «የደከመ ሽማግሌ ዕቃ ሥር ማስቀመጤ ጥፋቱ የኔው ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከበዓሉ በኋላ ወደ አገራቸው እንደሚልኳቸውም ለባለቤታቸው ሲናገሩ ሰማሁ።

በማግስቱ አረፋ ነበር። ግቢው በሥጋ ሽታና በሕፃናት ጫጫታ ተሞላ። ራሕማ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ከደፈረሰው ገንዳ አፋፍ ተቀምጣ ጤነኛውን እግሯን ታወዛውዛለች። እኔ መብላት አልቻልኩም። አያ ደሴ በር አጠገብ ባለችው ጎጇቸው ተኝተው ነበርና የቀረበልኝን ፓፓያ ይዤ ሄድኩ። ሰንጥቄ ትልቁን ሰጠኋቸው። በደህናው እጃቸው ተቀበሉኝ።

ከጎናቸው ተቀመጥኩ። በመጨረሻ፣ «አያ ደሴ፣ ያን ጊዜ ዞረው ሲያዩኝ ለምን አልተነሡም?» አልኳቸው። ለምን ይህን እንደጠየቅኩ አላውቅም። ምናልባት ጥፋቱን ትንሽ ወደሳቸው ልገፋ ፈልጌ ይሆናል።

«ልነሣ ነበር እኮ» አሉ። «ውሃ ፊቴን ሲነካኝ ፈራሁና ዞርኩ። አንተ ቆመሃል። ክፉ ነገር ቢሆን ባለሙያው ይሮጥ ነበር፣ እሱ ቆሞ ካየ ሰላም ነው ብዬ ተቀመጥኩ።»

ምንም የወቀሳ ድምፅ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ፓፓያውን እያላመጡ፣ «መርፌዋስ መጨረሻ ላይ ደርሳ ነበር» አሉ፤ አሁንም ሥራቸውን በደንብ እንደሠሩ ሊያስረዱኝ።

ከዚያ ተነሥቼ ቀጥታ ወደ ሐጂ ሄድኩ። እንግዶቻቸው ፊት ነበሩ። እንግዶቹ እስኪሄዱ ብጠብቅ እንደማልናገር አውቄ ነበርና በሰዎቹ ፊት ተናገርኩ፤ ወረቀቷን አይቼ እንዳለፍኳት፣ ጋዙን ያሰርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ካብ ሥር እንደተደበቅኩ፣ በሽማግሌው ላይ እንደዋሸሁ። ሐጂ እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ወላሂ፣ ዛሬ አረፋ ባይሆን እጄን አነሣብህ ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «ትንሹን ፓምፕ መልሰህ ትከል። ውሃው እስኪጠራ ከዚህ ግቢ አትወጣም። ደሴም የትም አይሄድም።»

የማጣሪያውን ክዳን ከጎንደር አስመጥተን፣ አሸዋውን አጥቤ መልሼ፣ የተሳቀበትን ትንሽ ፓምፕ ገጠምኩት። ያለ ጩኸት ሠራ። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ፈጀበት። በአራተኛው ቀን ጠዋት የገንዳው ወለል ታየ፤ ራሕማ ገባች። አያ ደሴ ከድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። ግራ እጃቸው ከዚያ በኋላ ከትከሻ በላይ ወጥቶ አያውቅም። ኩታቸውን የምታለብሳቸው ወጥ ቤቷ ነበረች።

ይህን ሁሉ ስነግረው በረከት አንገቱን ደፍቶ ነበር። ስጨርስ ተነሥቶ የፓምፑን ወረቀትና የማጣሪያውን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ በስልኩ ማስላት ጀመረ፤ ከዚያ ካርቶኑን ዘግቶ ወደ ባጃጁ ወሰደው። አንዱን ፈረስ ጉልበት ለማግኘት አራት ቀን ጠበቅን።

ትናንት ቆላ ወርደን ገጠምነው። ሊማሊሞ አሁን ደህና መንገድ ሆኗል፤ ጥምዙ ግን ያው ነው። ሁሉም ከተዘጋጀ በኋላ በረከት ከማጣሪያው አጠገብ ቆመ፤ እኔን ወደ ማብሪያው ሊሰደኝ ነው።

«ወዲያ ሂድ» አልኩት። «ማብሪያው ጋ የምትቆመው አንተ ነህ።»

ከዛሪማው ቀን ወዲህ አዲስ ማጣሪያ ሲሞከር ከጎኑ የምቆመው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አስቁሜ አላውቅም። ሙያዬ የጀመረው ከዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። ደፋር ሆኜ አይደለም። ማብሪያው ሲጫን እግሬ አሁንም ወደ ኋላ ልሂድ ይለኛል፤ ትናንትም ብሎኛል። ጎማው ጠጠር አለ፣ ውሃው አሸዋው ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ፣ መርፌዋ ተነሥታ ከአረንጓዴው መካከል ቆመች። ቀና ስል በረከት ከማዶ ሆኖ መርፌዋን ሳይሆን እኔን ያያል፤ ልሩጥ ወይስ ልቁም እያለ።

እጄን ከፍ አድርጌ አነሣሁለት።